የሐይቅ ጭነት መርከብ አያያዝ፦ ከብየዳው እስከ በረዶው

ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ሰዎች፣ ሰመር ሲገባ መኪናችሁን አስነስታችሁ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ የሱፒሪየር ሐይቅ ወደብ የሆነችው ዱሉዝ ትደርሳላችሁ። እዚያ ቦዩ ዳር ስትቆሙ ሦስት መቶ ሜትር የሚረዝም መርከብ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ያልፋል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ "ይሄ ሐይቅ ነው እንዴ? ባሕር ነው እንጂ" ብሎ ተከራከረኝ። አልፈረድኩበትም። የሱፒሪየር ሐይቅ ስፋት 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ሃያ ሰባት ጊዜ ይገባበታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚህ መርከቦች አባዜ ሆኑብኝ። መቼም መርከብ የሚገዛ አንባቢ የለኝም። ግን እንበልና አንድ ሰው ጠርቶ "እንካችሁ ገንዘብ፣ መርከብ ሠርታችሁ አሠሩ" ቢላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ነው። ባትገዙም ቦዩ ዳር ስትቆሙ የምታዩት ነገር ይገባችኋል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜትራችሁን መጀመሪያ ሎኩ ላይ ዘርጉ

እዚህ አገር መጀመሪያ የሚለካው መርከቡ አይደለም፣ ሎኩ ነው። አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። እንደ ደረጃ ናቸው፤ ከላይ ሱፒሪየር፣ ከሱ በታች ሚሺጋንና ሂውሮን፣ ቀጥሎ ኢሪ፣ መጨረሻ ኦንታሪዮ። መርከብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወርደው ፊትና ኋላው በር ባለው የኮንክሪት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነው፤ ሎክ የሚባለው እሱ ነው። መርከቡ ሲገባ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ መርከቡ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከፊት ያለው በር ይከፈትለታል። ለዚህ ሁሉ ፓምፕ የለም። ውሃ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ የሰው ሥራ ቫልቭ መክፈትና መዝጋት ነው።

ሱፒሪየርን ከታችኞቹ የሚያገናኘው ሱ ሴንት ማሪ ከተማ ላይ ያለው ሎክ ነው። ትልቁ፣ ፖ የሚባለው፣ 366 ሜትር ይረዝማል፣ 33.5 ሜትር ይሰፋል። ትልቆቹ መርከቦች ደግሞ 305 ሜትር በ32 ሜትር ናቸው። ሒሳቡን ሥሩት፤ በየጎኑ የሚተርፈው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። መርካቶ ውስጥ አይሱዙ የሚያሾልክ ሹፌር ያያችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል፣ ልዩነቱ የዚህኛው መኪና በስልሳ ሺህ ቶን የተጫነ መሆኑና ፍሬን የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ልኬት ወደ ኦንታሪዮ የሚያወርደው የካናዳው ዌላንድ ቦይ ነው። ስምንት ሎኮች አሉት፣ በድምሩ መቶ ሜትር ያህል ያወርዳል፣ የሚያሳልፈው ግን ከ225.5 ሜትር የማይረዝምና ከ23.8 ሜትር የማይሰፋ መርከብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አንድ ውሳኔ ይጠብቃችኋል። መርከቡ እስከ ውቅያኖስ አፍ እንዲወርድ ከፈለጋችሁ በዌላንድ ልክ ሥሩት። ብዙ እንዲጭን ከፈለጋችሁ በፖ ልክ ሥሩት፤ ግን ከላይኞቹ አራት ሐይቆች ዕድሜ ልኩን አይወጣም፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጃል። ከ1972 እስከ 1981 ድረስ እንዲህ ያሉ 13 ትላልቆች ተሠርተዋል። ረጅሙ ፖል አር ትሬገርታ ነው፣ 309 ሜትር ገደማ። እነዚህን ግዙፎች መርከበኞቹ "ፉተር" ይሏቸዋል። ደግሞ መርከብ አይሉም፣ ሁሉንም "ቦት" ነው የሚሉት። ሦስት መቶ ሜትር ብረት፣ ጀልባ!

ላሜራና ብየዳ

ዛሬ መርከብ ከታች ወደ ላይ እንደ ቤት አይገነባም። ላሜራው ይቆረጣል፣ አጥንቱ ይበየድበታል፣ ያ ጠፍጣፋ ክፍል ከሌላው ጋር ተበይዶ እንደ ትልቅ ሳጥን ይሆናል፣ ከዚያ ሳጥኖቹ በክሬን እየተነሱ ዶክ ውስጥ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። ዶኩ ግድግዳ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ውሃ ይገባበትና መርከቡ ራሱ ይንሳፈፋል። ድሮ ግን መርከቡን በጎኑ ወደ ጠባብ ወንዝ መገፍተር ነበር የለመዱት። በ1958 ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለው መርከብ ዲትሮይት አጠገብ ውሃ ሲነካ ከ15,000 በላይ ሰው ቆሞ እያየ ነበር። ባህሉ የሻምፓኝ ጠርሙስ አፍንጫው ላይ መስበር ነው፤ ጠርሙሱ የተሰበረው በሦስተኛው ምት ነው። ገድ የሚያምኑ ሰዎች በኋላ ይሄን አልረሱትም።

የመጀመሪያው ፉተር፣ ስቱዋርት ጄ ኮርት፣ አሠራሩ ያስቃል። ፊቱና ኋላው የተሠሩት ሚሲሲፒ ግዛት፣ የባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ሆዱ የሌለበትን አፍንጫና ጅራት አንድ ላይ በየዷቸው፣ 55 ሜትር የሆነች አጭር ነገር ወጣች፣ "ስታቢ" አሏት፣ ድቡልቡሊት እንደማለት ነው። በራሷ ሞተር በውቅያኖስ ዞራ፣ በዌላንድ ሎኮች ወጥታ ኢሪ ከተማ ደረሰች። እዚያ ለሁለት ተቆረጠችና በመሃሏ 250 ሜትር ገደማ የሚሆን ሆድ ተበየደ። ለምን እንዲህ ተደከመ ካላችሁ፣ ሙሉው መርከብ በዌላንድ አያልፍማ። ሎኩን ለኩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሆዱን ቅርጽ ስትነድፉ ከላይ ሰፍቶ ከታች እየጠበበ የሚሄድ አድርጉት፣ እንደ ወፍጮ ቤት የእህል ማፍሰሻ። ጭነቱ በራሱ ወደ ታች እንዲንሸራተት ነው። በጎንና በታች በሚተርፈው ክፍት ቦታ የውሃ ጋኖች ይገባሉ፤ ባላስት የሚባለው ውሃ ማጠራቀሚያ። ከሁሉ በታች ደግሞ ኮንቬየር የሚሮጥበት ዋሻ።

ርዝመቱ የስፋቱን አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ መርከቡ ይታጠፋል። ኋላ ያለው ማማ ላይ ቆማችሁ በማዕበል ቀን ወደ ፊት ብታዩ ወለሉ እንደ እባብ ሲሄድ ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ እንዲታጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የማይታጠፍ ቢሆን ነበር የሚሰበረው። የሚያሰጋው በብርድ የሚሰባበር ብረት ነው። በኅዳር 1966 ዳንኤል ጄ ሞረል የተባለው አሮጌ መርከብ ሂውሮን ላይ ለሁለት ተሰበረ፣ ከ29 ሠራተኞች የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ከ1948 በፊት የተሠራ ብረት በቅዝቃዜ ቶሎ እንደሚሰነጠቅ ያኔ በደንብ ታወቀ። ላሜራ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ።

ስትጭኑ አህያዋን አስታውሱ

አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው መርከብ መጫን ግማሹን ያውቃል። አንዱን ጎን ሞልታችሁ ሌላውን ባዶ ከተዋችሁ ጭነቱ ይገለበጣል፣ አህያዋም አብራ። መርከብ ላይ ከግራና ቀኝ በተጨማሪ ፊትና ኋላ አለ፣ ሲከፋ ደግሞ መሃል አለ። መሃሉን ብቻ ብትሞሉት ሆዱ ይወርድና እንደ ጎበጠ አልጋ ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ብትሞሉ ደግሞ ጀርባው ይነሳል። ሁለቱም ብረቱን ይጎዳሉ።

ብዙውን ጊዜ የምትጭኑት ታኮናይት ነው። የሚኒሶታ ምርጡ የብረት ማዕድን እያለቀ ሲሄድ ብረቱ ትንሽ የሆነውን ጠንካራ ድንጋይ ፈጭተው፣ በማግኔት ለይተው፣ ብይ የሚያክል ድቡልቡል እያደረጉ መተኮስ ጀመሩ። ድቡልቡሉ ከማፍሰሻው ላይ ሲለቀቅ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ መርከብም ከዱሉዝ፣ ከቱ ሃርበርስ ወይም ከሲልቨር ቤይ ሞልቶ ወደ ኢንዲያናና ኦሃዮ የብረት ፋብሪካዎች ይሄዳል።

መርከቡ ባዶውን ሲመጣ ጋኖቹ ውሃ የተሞሉ ናቸው፣ ያለዚያ ከውሃው በላይ ተንሳፍፎ ነፋስ ይጫወትበታል፣ ፕሮፔለሩም አየር ይመታል። ስለዚህ ማዕድን ሲገባ ውሃ ይወጣል፤ ሁለቱ እኩል መሄድ አለባቸው። ፓምፑ ከዘገየ መርከቡ ይከብዳል፣ ከቀደመ ከጭነት መስጫው በላይ ይነሳል። ሥራውን የሚመራው የካፒቴኑ ምክትል ነው። አንዱን የጭነት ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ቀጣዩ አይሄድም። ከፊት እስከ ኋላ ትንሽ ትንሽ እያለ ያዳርሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በየመሃሉ ፊት፣ መሃልና ኋላ የተጻፉትን የጥልቀት ቁጥሮች ያነብባል። መሃሉ ከሁለቱ ጫፎች አማካይ በልጦ ከሰመጠ ሆዱ ወርዷል ማለት ነው፣ ቀጣዩን ጭነት ወደ ጫፎቹ ያዞረዋል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ቶኖች አስቀርቶ ለማስተካከያ ይጠቀምባቸዋል። ወጥ ውስጥ ጨው መጨረሻ ላይ እንደሚቀመሰው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ፉተር ሁለት ሳንቲ ተኩል ተጨማሪ በሰመጠ ቁጥር 270 ቶን ገደማ ይጨምራል። የሐይቁ ውሃ በድርቅ አንድ ስንዝር ቢቀንስ ስንት ቶን እንደሚቀር አስቡት። በሌላ በኩል ደግሞ ከልክ በላይ የጫነ መርከብ ሐይቆቹን በሚያገናኘው ወንዝ ላይ መሬት ይነካል፣ ወንዙ ላይ የቆመ አንድ መርከብ ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ያቆማል።

ክዳኑን አትናቁ

ጭነቱ ሲያልቅ የጉድጓዶቹ ክዳኖች ይከደናሉ። ክዳኑ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ክሬን አንስቶ ያስቀምጠዋል፤ ክሬኑን "የብረት ሠራተኛ" ይሉታል። ከዚያ በማሰሪያ ይጠበቃል። ፊትዝጀራልድ 21 ክዳን ነበረው፣ እያንዳንዱ 68 ማሰሪያ። አባዙት፣ ከ1,400 በላይ ነው። አየሩ ጥሩ ሲሆን "ግማሹን እንሰረው፣ ይበቃል" ማለት ለደከመ ሰው ይቀላል።

ኅዳር 10፣ 1975 ያ መርከብ ከ26,000 ቶን በላይ ታኮናይት ጭኖ ሱፒሪየር ላይ በማዕበል ሰመጠ። ከሱ ኋላ የነበረው አርተር ኤም አንደርሰን የተባለው መርከብ ሲጠይቀው ካፒቴኑ እየተቋቋምነው ነው የሚል መልስ ሰጠ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። 29 ሰው፣ አንድም አስከሬን አልተገኘም። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ምርመራ ውሃው በክዳኖቹ በኩል ሳይገባ አልቀረም አለ፤ የመርከብ ባለቤቶቹ ማኅበር ደግሞ አይደለም፣ ታች ያለ ድንጋይ ነክቶ ነው ብሎ ተከራከረ። እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔን ብትጠይቁኝ ክርክሩ ለሥራው አያስፈልግም፤ ሁለቱም ሊገድሉ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ክዳኑን ሁሉንም እሰሩ፣ ጥልቀት መለኪያውንም አታጥፉ።

ጉዞው

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፣ በአብዛኛው አሰልቺ ነው። ከዱሉዝ ኢንዲያና ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው። በመጸው ሰሜን ነፋስ ሲነሳ ጥሩ ካፒቴን ቀጥታውን መንገድ ትቶ የካናዳን ዳርቻ ተጠግቶ ይዞራል፣ ወይም ወደብ ውስጥ መልሕቅ ጥሎ ይተኛል። ሰዓት ይጠፋል፣ ሰው ይተርፋል።

ወደብ ላይ ጎታች ጀልባ ብዙም አይጠራም። ፊትና ኋላ በጎን የሚገፉ ትንንሽ ፕሮፔለሮች ስላሉት ራሱን ያስጠጋል። ታዲያ ገመዱን መሬት ላይ ማን ይቀበላል? አንድ ሠራተኛ በገመድ በተንጠለጠለ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ከመርከቡ ጎን ተወዛውዞ ይወርዳል። ዥዋዥዌ በሉት። እኔ ብሆን እግሬ ይከዳኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዲትሮይት ወንዝ ላይ ጄ ደብሊው ዌስትኮት የምትባል የፖስታ ጀልባ አለች፣ የራሷ ዚፕ ኮድ አላት፣ 48222። መርከቡ ሳይቆም ትጠጋውና መርከበኞቹ ባልዲ በገመድ ያወርዳሉ፣ ደብዳቤው በባልዲ ይወጣል። ኩባንያው የተጀመረው በ1874 ነው።

ሲደርስ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ ያራግፋል። ከሆዱ በታች ያሉት በሮች ይከፈታሉ፣ ድቡልቡሉ ዋሻው ውስጥ ባለው ኮንቬየር ላይ ይወድቃል፣ ኮንቬየሩ ወደ ላይ ያወጣውና 76 ሜትር በሚያህል ክንድ ወደ መሬት ይተፋዋል። ትልቆቹ በሰዓት እስከ 10,000 ቶን ያራግፋሉ። በሮቹንም እንደ አጫጫኑ አንድ በአንድ፣ ከፊትም ከኋላም እያፈራረቁ መክፈት ነው። አህያዋ አሁንም አለች።

እንዴት ይከርማል

ሱ ሴንት ማሪ ላይ ያሉት ሎኮች ጥር 15 ይዘጋሉ፣ መጋቢት 25 ይከፈታሉ። እነዚያ አሥር ሳምንታት የጥገና ጊዜያችሁ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ የላችሁም። መርከቡን ስተርጅን ቤይ ወይም ሱፒሪየር የምትባለው ከተማ ወይም ቶሌዶ አስገቡትና መጀመሪያ ውሃውን አፍስሱ። ጋኑን፣ ቧንቧውን፣ የሞተር ማቀዝቀዣውን፣ ሻወሩን ሳይቀር። አንድ የተረሳ ክርን ውስጥ የቀረ ውሃ ሲበርድ ቧንቧውን ይተረትረዋል፤ የሚታወቀው ደግሞ በመጋቢት ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ ይጀመራል። የኮንቬየሩን መሽከርከሪያዎች አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ፤ የሚንጫጫውን ቀይሩ። በታኮናይት የተላጠውን የሆድ ላሜራ ለኩና የሳሳውን ቆርጣችሁ አዲስ በይዱ። የበሮቹን ማጠፊያ፣ የክዳኖቹን ላስቲክ፣ ማሰሪያዎቹን። ሞተሩ በየተራው ይፈታል።

ከሁሉ በላይ የምትፈሩት ግን እሳት ይሁን። የኮንቬየሩ ቀበቶ ላስቲክ ነው፣ በኪሎ ሜትር የሚለካ የመኪና ጎማ እንደማለት። በ2019 ክረምት ሴንት ክሌር ቶሌዶ ላይ ቆማ ሳለ ከብየዳ ሥራ ቀረ የተባለ ፍም ኮንቬየሩ አካባቢ ቆይቶ ተነሣ፣ መርከቧ ከጥቅም ውጭ ሆነች። በ2021 ደግሞ ሮጀር ብላው የተባለው መርከብ እንዲሁ ለክረምት ቆሞ ሳለ ቀበቶው ተቃጥሎ ክፉኛ ተጎዳ። በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ሥራው አላለቀም። ሰው ይቀመጥ፣ ሰዓታት ይጠብቅ፣ ማታም ይዙር። ጥበቃው ብቻውን ቴሌቪዥን የሚያይበት መርከብ እንዳይሆን።

በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ከውሃ ወጥቶ ታቹ ይታያል። የባሕር መርከብ በዚያው ጊዜ ሁለቴ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ ጨው ነው። ጨው ብረት ይበላል፤ የሐይቅ ውሃ ግን ጨው የለውም፣ ስለዚህ እነዚህ መርከቦች እንደ አያት ዕድሜ ይጠግባሉ። በ1942 የተሠራው አልፒና ሰማንያውን አልፏል። ሴንት ሜሪስ ቻሌንጀር በ1906፣ ከአድዋ አሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ተሠርቶ እስከ 2013 ድረስ በራሱ ሞተር ሠርቷል፤ ከዚያም አልተጣለም፣ ሞተሩ ወጥቶ የሚገፋ ባርጅ ሆነ። ስለዚህ እዚህ አገር ሰው መርከቡን አይጥልም፣ ይቀይረዋል። እንፋሎቱ ወጥቶ ዲዝል ይገባል። አንደርሰን፣ ያ ከፊትዝጀራልድ ኋላ የነበረው፣ በመሃሉ 36 ሜትር ተጨምሮለት ረዝሟል። አልፒና ደግሞ በተቃራኒው ያንኑ ያህል ተቆርጦ አጥሯል፣ ሲሚንቶ እንዲጭን። እንደ ልብስ ሰፊ ማሳጠርና ማስረዘም። አዲስ ሲሠራ ዜና የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በ2022 ሥራ የጀመረው ማርክ ደብሊው ባርከር ከ1983 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ለሐይቆቹ የተሠራ የመጀመሪያው የጭነት መርከብ ነው።

ጨው ባይኖርም ሌላ ጠላት አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባሕር የመጡ መርከቦች በባላስት ውሃቸው ይዘውት የመጡት ዜብራ መስል የሚባል ጥፍር የሚያክል ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት ቧንቧ ውስጥ ይለጠፍና ይደፍነዋል። ማጣሪያውን በየጊዜው ክፈቱ፣ ጥረጉ።

ለማየት ከፈለጋችሁ

ቶሮንቶ ያላችሁ ሴንት ካትሪንስ ሂዱ፣ ዌላንድ ሦስተኛው ሎክ ላይ ማያ ሰገነት አለ። ሚኒሶታ ያላችሁ ዱሉዝ። ግን ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ የመርከብ መከታተያ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ "ይመጣል" ብዬ ቡና ልገዛ ገባሁ፣ ወተቱን እስክጨምር ፉተሩ አልፎ ጭሱን ብቻ አየሁት።

ቦዩ ላይ ያለው ድልድይ መርከብ ለማሳለፍ ሲነሳ ዳር ላይ ቁሙ። ውሃው ላይ ምን ያህል እንደሰመጠ እዩ፤ ከፍ ብሎ ከተንሳፈፈ ባዶ ነው፣ ሊጭን እየገባ ነው። መሃሉ ላይ የክዳኑን ክሬን ፈልጉ። ከዚያ ካፒቴኑ ሰላምታ ከሰጠ ሦስት ረጅም፣ ሁለት አጭር ይነፋል፣ ድልድዩም ይመልስለታል። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ጆሮውን ቀድማችሁ ያዙለት።